መርከቡ ስድስት ተኩል ላይ ይነሳል

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወሬ የመርከብ ወሬ ነው። እዚህ ጌዴኦ፣ ወርቃ ቁጭ ብሎ ስለ መርከብ ማውራት ምን አመጣው የሚል ካለ መልሱ ቅርብ ነው። ከጓሯችን የምንለቅመው እሸት ቡና ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ አልጋ ላይ ደርቆ፣ በይርጋ ጨፌና በዲላ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ ጅቡቲ ይወርድና ኮንቴይነር ውስጥ እንደታሸገ መርከብ ይሳፈራል። እኛ ከባሕር ጠለል ወደ 2000 ሜትር ከፍ ብለን የምንኖር የጌዴኦ ሰዎች ባሕር አናውቅም እንላለን። ነገር ግን የቤታችን ቆርቆሮ፣ የልጆቻችን ደብተርና ዩኒፎርም፣ ብዙው ነገራችን ባሕር ተሻግሮ በሚሸጥ ቡና የተገዛ ነው። ቡናችን ሲሻገር ኖሯል። ለመዝናናት ብሎ ባሕር ላይ የወጣ ሰው ግን ከቤተሰባችን አክስቴ የመጀመሪያዋ ናቸው።

አክስቴ እዚሁ ወርቃ ተወልደው፣ እዚሁ ተድረው፣ ቡናና እንሰት እየተንከባከቡ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። አንዷ ልጃቸው ሲያትል ነርስ ናት። እናቷን ለጥየቃ አስመጥታ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ በቀር የትም ሳታወጣቸው ወራት ሲያልፉ ከነከናት።

"እማዬ" አለች አንድ ቀን፣ "አንድ ሳምንት እሳት የማታነጂበት፣ ውኃ የማትቀጂበት ቦታ ልውሰድሽ።"

"እንዲህ ያለ ቦታ ሆስፒታል ብቻ ነው" ብለው ሳቁ አክስቴ።

ልጅቷ ያሰበችው የአላስካን መርከብ ነበር። ሲያትል የኢትዮጵያውያን መናኸሪያ ብቻ አይደለችም፤ በየዓመቱ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የመዝናኛ መርከቦች ከወደቧ እየተነሱ ወደ አላስካ ይመላለሳሉ። የተለመደው ጉዞ ሰባት ሌሊት ነው።

ቲኬቱ ሳይቆረጥ ግን አንድ እንቅፋት መጣ፤ የካናዳ ቪዛ። መርከቡ ከአሜሪካ ተነስቶ አሜሪካ ይመለሳል፣ አላስካም የአሜሪካ ግዛት ናት፣ ካናዳ ምን አገባት? ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የሌላ ሀገር ባንዲራ ያለው መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ መንገደኛ እንዳያመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ደግሞ አብዛኞቹ የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማ ወይም በማልታ ነው። ስለዚህ ሕጉን ለማሟላት ሲሉ ቪክቶሪያ በምትባል የካናዳ ከተማ ጎራ ይላሉ፤ አንዳንዴ ለአንድ ምሽት ጥቂት ሰዓታት ብቻ። ለእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ሲባል የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ጎብኚ የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ቪዛውም ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ወላጆቻችሁን ለመውሰድ ስታስቡ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ። የእናንተ ግሪን ካርድ ለእናንተ እንጂ ለእናታችሁ አይሠራም። የአክስቴ ቪዛ ዘገየ፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ከሸፈ፣ በኋላ ግን ተሳካ።

መሳፈሪያው ላይ ሻንጣ ሲፈተሽ ደግሞ ትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተያዘች። አክስቴ ከወርቃ የመጣ ቡና፣ ጀበናና ሲኒ ይዘው ነበር። መርከብ ላይ መንገደኛ ምድጃ ማቀጣጠል፣ ሻማ ማብራት፣ ዕጣን ማጨስ አይፈቀድለትም፤ ባሕር መሃል እሳት ቢነሳ መሸሻ የለምና ክልከላው ትክክል ነው። ምድጃዋ ቁጥር ተለጥፎባት ጉዞው ሲያልቅ ልትመለስ ተቀመጠች። ጀበናዋ አለፈች። አክስቴም የክፍላቸው መስኮት ሥር አኖሯት፤ ሳምንቱን ሙሉ ባዶዋን እዚያው ተቀመጠች።

ገና መርከቡ ሳይነሳ መንገደኛው ሁሉ በቡድን ተጠርቶ የነፍስ አድን ጃኬት አጠላለቅንና አደጋ ቢመጣ መሰብሰቢያውን አሳዩት። ይህ ሥርዓት እንዲህ የጠበቀው በሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ስትጋደም 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን ከተሳፈሩት መካከል ልምምዱን ገና ያላደረጉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው እንዲደረግ ተደነገገ። የመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ደግሞ "እጅዎን ይታጠቡ" የሚል ሠራተኛ ቆሟል። በዝግ ቦታ ሺህ ሰው አብሮ ሲበላ አንድ የሆድ በሽታ መርከቡን ለማዳረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020፣ ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው መርከብ 3711 ሰው እንደያዘች ዮኮሃማ ወደብ ላይ ተዘግቶባት ከ700 በላይ ሰው መያዙን ታስታውሱ ይሆናል።

አሁን ደስታውን ልንገራችሁ። ደስታው እውነተኛ ነውና አላሳንሰውም።

አክስቴ በመጀመሪያው ጠዋት እንደ ልማዳቸው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቁ። የሚቆሰቆስ እሳት የለም፣ የምትታለብ ላም የለችም፣ የሚቀሰቀስ ልጅ የለም። ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ሰገነቱ ወጡና ተቀመጡ። ውኃው ጠቆር ብሎ ጸጥ ብሏል፤ በግራና በቀኝ በደን የተሸፈኑ ተራሮች፣ በወገባቸው ላይ ጉም። "በዕድሜዬ ጠዋትን ቁጭ ብዬ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው" ብለውኛል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ። የእኛ ሀገር እናት ጠዋትን የምታውቀው በሥራው ነው፤ አንዲት እናት ይህን ዕረፍት ካገኘች፣ የተከፈለው ገንዘብ ለእኔ አይቆጨኝም።

ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በየከተማው ሆቴል እየቀያየሩ ሻንጣ መጎተት ለእርሳቸው አይሆንም ነበር። መርከብ ላይ ግን አንዴ ሻንጣቸውን ከፈቱ አበቃ፤ ማታ ተኝተው ጠዋት ሲነሱ ሌላ ሀገር መስኮታቸው ላይ ደርሷል። ሊፍት አለ፣ ሐኪም አለ፣ ተሽከርካሪ ወንበር አለ። አረጋውያንና መራመድ የሚቸገሩ ሰዎች ይህን ጉዞ የሚወዱት በከንቱ አይደለም።

ዓሣ ነባሪም አዩ። መጀመሪያ ትንፋሿ ከውኃው በላይ እንደ ጭስ ብን አለ፤ ቀጥሎ ሰፊ ጥቁር ጀርባ፣ በመጨረሻ ጅራቷን ከፍ አድርጋ ሰጠመች። የማያውቁት ሰው ሁሉ አብሯቸው ጮኸ። በሌላ ቀን መርከቡ በሁለት ገደሎች መካከል ገብቶ የበረዶ ግግር ፊት ለፊት ቆመ። በረዶው ሰማያዊ ነው። ቤት የሚያህል ቁራጭ ተገምሶ ሲወድቅ ያያሉ፤ ድምፁ ግን ወዲያው አይመጣም። ቁራጩ ውኃ ከገባ በኋላ ነው ነጎድጓዱ የሚደርሰው። አክስቴ ርቀቱን የተረዱት በዚያ ነው፤ ቅርብ መስሏቸው የነበረው ግግር ለካ ሩቅ ነው፣ ግዙፍነቱም ካሰቡት በላይ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን ነበርና ማንም ወደ ክፍሉ መግባት አልፈለገም።

ለሽርሽር ብቻ ብሎ መርከብ መሳፈር ለዓለምም ቢሆን የቆየ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1891 የሃምቡርግ የመርከብ ሥራ መሪ የነበረው አልበርት ባሊን አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ በብርድ ወራት ሥራ እንዳትፈታ ብሎ፣ 241 መንገደኛ አሳፍሮ ሜዲትራኒያንን አስዞራቸው። ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦቭ ዘ ሲስ 365 ሜትር ትረዝማለች፤ እስከ 7600 መንገደኛና 2350 ሠራተኛ ትይዛለች።

እኛ ኢትዮጵያውያን ግን መርከብ ላይ የወጣነው አብዛኛውን ጊዜ በግዳጅ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኳንንቱን አስከትለው ከጅቡቲ ወደ ኢየሩሳሌምና አውሮፓ በመርከብ ሲሄዱ ለመንግሥት ሥራ ነበር፤ ይዘውት ከሄዱት ጉዳይ አንዱም የባሕር በር ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. እኒያው ራስ ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ኢንተርፕራይዝ በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከጅቡቲ ወደ ሃይፋ ሲሻገሩ ስደተኛ ነበሩ። ከዚያው ከጅቡቲ ዳርቻ፣ ከኦቦክ፣ ዛሬም ልጆቻችን በሌሊት በጀልባ ታጭቀው ወደ የመን ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በሁለት ሳምንት ልዩነት ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በደርዘን የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አልቀዋል። አክስቴ ከሰገነቱ ወደ ውኃው ሲያዩ እነዚያ ልጆች ትዝ ብለዋቸው ነበር። ጸለዩላቸው። እኔም ይህን ሳልናገር የመርከብን ደስታ ብቻ ብተርክላችሁ ደስ አይለኝም።

ወደ ክፍላቸው እንመለስ። ክፍላቸውን የሚያጸዳው ከኢንዶኔዥያ የመጣ ሰው ነበር። በየማታው ፎጣ አጣጥፎ ዝሆን ወይም ጥንቸል ሠርቶ አልጋቸው ላይ ያኖራል። አክስቴ እርሱ ሳይመጣ በፊት አልጋቸውን ራሳቸው ያነጥፋሉ፣ መታጠቢያ ቤቱን ይወለውላሉ። ልጃቸው "እማዬ፣ ሥራው እኮ ነው፤ ተይው" ብትልም አልሰሙም። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ራሱ ለምን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ልጅቷ እያስተረጎመች ወሬ ጀመሩ። ለካ የእርሱ ውል ለወራት ነው፤ ከሳምንቱ አንድም ሙሉ ቀን አያርፍም፤ የመጨረሻ ልጁ መራመድ የጀመረችው እርሱ ባሕር ላይ ሳለ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2006 የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 14 ሰዓት፣ በሰባት ቀን እስከ 72 ሰዓት ማሠራትን ይፈቅዳል። ይህ እንግዲህ ለሠራተኛው መከላከያ ተብሎ የተቀመጠ ጣሪያ ነው። አክስቴ ከሻንጣቸው ቆሎ አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘገኑለት። እርሱም ቆሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለ። ያ የመርከብ ዕረፍት በእነዚህ ሰዎች ድካም ላይ የቆመ ነው። የምትሄዱ ሰዎች ስማቸውን ጠይቁ፣ በስማቸው ጥሯቸው፣ ጉርሻውንም አትሰስቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ወደ ኬቺካን።

ኬቺካን በአላስካ ደቡብ ያለች፣ ዝናብ የማይለያት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። በከተማዋ የሚኖረው ሕዝብ ወደ 8000 ገደማ ነው። በበጋ ሦስትና አራት መርከብ በአንድ ቀን ሲቆም ከነዋሪው እንግዳው ይበልጣል። የአክስቴ መርከብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ቆመ፤ ስድስት ተኩል ላይ ይነሳል ተባለ። መርከብ ለዘገየ ሰው አይጠብቅም፤ በመርከቡ በኩል የተያዘ ጉብኝት ካልሆነ በቀር የቀረ ቀረ፣ በራሱ ገንዘብ ወደሚቀጥለው ወደብ ይከተላል።

አውቶቡስ ሳክስማን ወደሚባል የትሊንጊት ሕዝብ መንደር ወሰዳቸው። እዚያ ከአንድ ረዥም ግንድ የተጠረቡ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ከታች እስከ ላይ የሰው ፊት፣ ቁራ፣ ንስር፣ ድብ ተቀርጾባቸዋል። አክስቴ ሲያዩዋቸው እግራቸው ተያዘ። ወርቃ የምትኖር ሴት የቆመና ፊት የተቀረጸበት ነገር አዲሷ አይደለም። እዚሁ ጌዴኦ ውስጥ፣ ቱቱ ፈላ ላይ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች አሉ። አክስቴ አስጎብኚውን፣ የመንደሩን ወጣት፣ በልጃቸው በኩል ጠየቁት።

"ይህኛው የማን አባት ነው?"

ልጁ ገረመው። ሌሎቹ የሚጠይቁት ስንት ሜትር እንደሆነና በስንት እንደሚሸጥ ነበር። ምሰሶ እንደማይመለክ፣ አንዱ ለሞተ ሰው መታሰቢያ፣ ሌላው የጎሳ ታሪክ መንገሪያ ሆኖ እንደሚተከል፣ ሲተከልም ድግስ ተደግሶ ሕዝብ ምስክር እንደሚሆን ነገራቸው። የዚህን ምሰሶ ታሪክ ግን በአጭሩ መናገር እንደማይቻል፣ ታሪኩ የጎሳው እንደሆነና የሚናገረውም የጎሳው ሰው እንደሆነ ጨመረ። አያቱ በዚያው መንደር ውስጥ ነበሩ። "እሳቸው ቢነግሩሽ ይሻል ነበር" አለና ሰዓቱን አየ። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ።

አክስቴ ከእኒያ አዛውንት ጋር ሳይገናኙ ተመለሱ። በመንደሩ በቅርጻ ቅርጽ ሱቅ በኩል አልፈው፣ ወደቡ ላይ በጌጣጌጥ መደብሮች በኩል አልፈው፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መርከቡ ላይ ነበሩ። ምሳው ሞልቶ ተርፏል። አልበሉም።

ለእኔ የመርከብ ጉዞ ወሰኑ እዚህ ላይ ነው። ምግቡም፣ ሰልፉም፣ የባሕር ሕመሙም አይደለም፤ እነዚህ ይቻላሉ። መርከብ ብዙ ቦታ ያሳይሃል፤ ከአንዱም ቦታ ሰው ጋር ግን አያስቀምጥህም። ማደሪያህን ተሸክሞ ስለሚዞር የማንም እንግዳ አትሆንም። እንግዳ ያልሆነ ሰው ደግሞ ተረት አይነገረውም፣ ቡና አይፈላለትም። የከተማዋ ሰው የሚያውቅህ ለአምስት ሰዓት በመጣ ገበያተኛነትህ ነው። ቬኒስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች በመሃል እንዳያልፉ የተከለከለውም ሕዝቡ ለዓመታት ከጮኸ በኋላ ነው።

ውኃ ላይ መጓዝ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። በእኛው ሀገር ጣና ላይ በጀልባ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌ ላይ የወረደ ሰው ከቡናው ጫካ ሥር በእግሩ ወጥቶ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል፣ ሥዕሎቹን ያያል፣ መነኮሳቱን ይጠይቃል፤ ጀልባው ታች ይጠብቀዋል። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም አለች። ሴቶች የማይገቡባቸው እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉ ገዳማት መኖራቸውን ግን እህቶች ቀድመው ይወቁ። በ2017 ዓ.ም. ጣና ነሽ ሁለት የተባለችው አዲስ መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነስታ በየብስ፣ በተሽከርካሪ ላይ ተጭና፣ ተራራና ሸለቆ አቋርጣ ወደ ጣና ስትመጣ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ አይቷታል። በአማራ ክልል ያለው ግጭት የጎብኚውን እግር አሳጥሮታል፤ ሰላሙ ሲመለስ ይህ ሐይቅ ለአዛውንቶቻችን የጠዋት ዕረፍት ሊሆን ይችላል፣ የማንም ሀገር ቪዛ ሳይጠየቁ።

አክስቴ ከአሜሪካ ተመልሰው ይህን ሁሉ ሲነግሩን የመጨረሻው ንግግራቸው ስለ እኛው ነበር። "ቱቱ ፈላ የሚመጣው ፈረንጅ እንደ እኔ ነው የሚሆነው" አሉ። "መኪናው ደጅ ቆሞለት፣ ድንጋዩን ፎቶ አንስቶ፣ ሰው ሳያገኝ ይሄዳል። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የሚያስቀምጠው ሰው የለም።"

እውነታቸውን ነው። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። ብዙው መንገደኛ ምሳ በልቶባት ያልፋል፤ ጎብኚውም ትክል ድንጋዮቹን አይቶ በዚያው ቀን ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ያቤሎ ይቀጥላል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ግን የተመዘገበው ድንጋዩ ብቻ አይደለም። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው በአንድ ማሳ ላይ የሚኖሩበት እርሻ፣ የማይቆረጡት ቅዱሳን ደኖች፣ ይህንንም የሚጠብቀው የአባቶች ሥርዓት አንድ ላይ ነው የተመዘገቡት። ይህ በመኪና መስኮት አይታይም። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ጫካ መስሎት ያልፋል፤ የሰው እርሻ መሆኑን የሚያውቀው ገብቶ በእግሩ የሄደ፣ ይህ ዛፍ ለምን እንደቀረ ባለቤቱን የጠየቀ፣ ሶንጎ በተባለው ሸንጎ ላይ አባቶች ሲማከሩ ያየ ሰው ነው።

ስለዚህ ለጌዴኦ ዞን ሰዎችም፣ ለወጣት አስጎብኚዎቻችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። እንግዳውን ከድንጋዩ አጠገብ አቁማችሁ ሰዓት አትዩበት፤ ወደ አዛውንቶቹ ውሰዱት። ለእናንተ ለአንባቢዎች ደግሞ፣ በመርከብ መሄድ የምትችሉ ሂዱ፤ እናታችሁንም አሳርፉ። ወደ ጌዴኦ ስትመጡ ግን ምሳ በልታችሁ አትለፉን። ዲላ ወይም ይርጋ ጨፌ አልጋ ያዙ፣ በማግስቱ ወደ ወርቃ ውጡ። በዝናብ ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነውና በኅዳርና በታኅሣሥ ኑ፤ ለቀማ ላይ ስለምንሆን የሰው እጅ ያስፈልገናል።